ዮናታንንና ዳዊትን አርአያ ስናደርግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ታማኝ ወዳጅነት ሲነሣ የሳኦል ልጅ ዮናታንና የእሴይ ልጅ ዳዊት ከሁሉ ቀድመው ይጠቀሳሉ፤ ታሪካቸውን በችኮላ የሚያነብ ክርስቲያን ግን በውስጡ የሌለ ትምህርት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ብዙዎቻችን የምንወድቅበት የመጀመሪያው ስህተት ወዳጅነታቸውን የስሜት መዋደድ ብቻ አድርጎ ማየት ነው። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 18 የሚነግረን ሁለቱ ቃል ኪዳን እንደተጋቡ ነው፤ ዮናታን የለበሰውን ካባ አውልቆ ለዳዊት ሰጠው፤ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውንም ጨመረለት። ሰጪው የዙፋኑ ወራሽ ነው፤ ተቀባዩ ትናንት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ የነበረ ወጣት ነው። ሳኦል የእሴይ ልጅ በሕይወት እስካለ ድረስ መንግሥትህ አይጸናም ብሎ ሲያስጠነቅቀው እንኳ ዮናታን ቃሉን አላጠፈም። እንግዲህ ወዳጃችንን ምን ያህል እንደምንወደው ከመናገራችን በፊት፣ ስለ እርሱ ብለን ምን እንደተውን ራሳችንን ብንጠይቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት ለወዳጅ መታመን ከቤተሰብ መቆራረጥን ይጠይቃል ብሎ ማሰብ ነው። ዮናታን ንጹሕ ደም እንዳይፈስ አባቱን ፊት ለፊት ተከራክሯል፤ አባቱ ጦር በሰነዘረበት ጊዜም ተቆጥቶ ከማዕድ ተነሥቷል። ሆኖም አባቱን ትቶ አልሄደም፤ በጊልቦአ ተራራ በጦርነት ከእርሱ ጋር በአንድ ቀን ወደቀ። አባትን ማክበርና በአባት በደል አለመተባበር በአንድ ልብ አብረው እንደሚኖሩ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ወዳጄ ነውና የፈለገውን ላግዘው ማለትም ታማኝነት አይደለም። የዳዊት ልጅ አምኖን ግማሽ እኅቱን ትዕማርን የሚያጠምድበትን ዘዴ ወዳጁ ኢዮናዳብ አስተማረው፤ የዚያ ምክር ፍሬ የትዕማር መደፈርና የአምኖን መገደል ሆነ።

በመከራ ጊዜ ለመፍረድ መቸኮል ደግሞ ዛሬም በለቅሶ ቤት የምናየው ስህተት ነው። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ በኋላ ግን የመከራውን ምክንያት ከኃጢአቱ ሊያገኙ ሲጥሩ የእግዚአብሔር ቍጣ በእነርሱ ላይ ነደደ። ዮናታን ግን ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በዚፍ ምድረ በዳ ተደብቆ ሳለ ጥሻው ድረስ ሄዶ እጁን በእግዚአብሔር አጸና፤ አትፍራ አለው፤ አንተ ትነግሣለህ፣ እኔም ሁለተኛህ እሆናለሁ አለው፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የመጨረሻው ስህተት ቃል ኪዳን ከሞት ጋር ያበቃል ማለት ነው። በዚያ ዘመን አዲስ ሥርወ መንግሥት የቀድሞውን ቤት ያጠፋ ነበር፤ የእስራኤልን ዙፋን የያዘው ባኦስ የቀድሞውን ንጉሥ የኢዮርብዓምን ቤት አንድ ሳያስቀር እንደፈጀ ተጽፏል። ዳዊት ግን በዮናታን ምክንያት ቸርነት ላደርግለት የምችለው ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው አለን ብሎ ጠየቀ። የተገኘውም የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ነበር። እርሱ አባቱ ሲሞት የ5 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ እግሮቹ ሰለሉ። ከሎዶባር ሲያስመጡት በንጉሡ ፊት በግምባሩ ተደፋ፤ ዳዊትም አትፍራ ብሎ በስሙ ጠራው፤ የአያቱን እርሻ ሁሉ መለሰለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜምፊቦስቴ ሽባ እግሮቹን ይዞ እንደ ንጉሥ ልጆች በዳዊት ገበታ ይበላ ነበር።