ባለ ሞጁል ዲጂታል ሪሌይ ሲነደፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎችን የመመረቂያ ሥራ ስመለከት አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል፤ የመከላከያ ሪሌይ (በመስመሩ ላይ ጥፋት ሲያይ ብሬከሩን፣ ማለትም የኃይል ማቋረጫውን፣ እንዲከፈት የሚያዝ መሣሪያ) ለመሥራት የሚነሱት ልጆች ፕሮግራሙን አሳምረው ይጽፉና ሃርድዌሩን ግን ሞጁላር (በሚነቀሉ ካርዶች የተከፋፈለ) ነው ለማለት ያህል ብቻ አንዱን ቦርድ አራት አምስት ቦታ ቆራርጠው ያቀርቡታል። የሞጁል ወሰን መሰመር ያለበት ግን "ይህ ካርድ መስመሩ ጭነት ተሸክሞ ሳለ ቢነቀል ወይም ቢበላሽ ምን ይከተላል?" ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ከሲቲ (የመስመሩን ትልቅ ከረንት ለመለካት አሳንሶ ከሚሰጠው የከረንት ትራንስፎርመር) የሚመጣውን ገመድ ከግቤት ካርዱ ጋር በተራ ሶኬት ማገናኘት ነው። የሲቲ ሴከንደሪ (ወደ ሪሌዩ የሚሄደው ወገን) 1 ወይም 5 አምፔር እንዲሰጥ የሚሠራ ሲሆን፣ ፕራይመሪው (የመስመሩ ወገን) ጭነት ተሸክሞ ሳለ ሴከንደሪው ክፍት ከሆነ የፕራይመሪው ከረንት በሙሉ ኮሩን ወደ ማግኔት መለወጥ ላይ ስለሚውል በክፍቱ ጫፍ ላይ ሺህ ቮልቶችን ሊያልፍ የሚችል ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ካርዱን የነቀለውን ሠራተኛም ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ካርዱ ሲሳብ ፒኖቹ ከመላቀቃቸው በፊት የሲቲውን ሁለት ጫፎች በስፕሪንግ የሚያገናኝ ኮንታክት በሳጥኑ በኩል መኖር አለበት። የቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የእርሱ ሁለት ጫፎች በቀጥታ መገናኘት (ሾርት መሆን) የለባቸውም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሶኬት የመረጠ ነዳፊ እንግዲህ ከሁለት አንዱን አጥፍቷል።

ሁለተኛው ስህተት ደካማውን የአናሎግ ሲግናል በጀርባ ቦርዱ (ካርዶቹ ሁሉ በሚሰኩበት የጋራ ቦርድ) በኩል እስከ ፕሮሰሰር ካርዱ ድረስ መጎተት ነው። መንገዱ በኃይል አቅራቢው ካርድ አጠገብ ያልፋል፣ የሚለቅመው ጫጫታም ከምድር ጥፋት ከረንት (ሽቦ ምድር ሲነካ ከሚፈሰው) ጋር የሚምታታ ይሆናል። ማጣሪያውንና ሲግናሉን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን የአናሎግ መለወጫ በዚያው በግቤት ካርዱ ላይ አስቀምጦ በጀርባ ቦርዱ ቁጥር ብቻ ማሳለፍ ይበጃል። ማጣሪያውን በፕሮግራም እሠራዋለሁ ማለት ግን አያዋጣም። በ50 ሄርዝ በአንድ ዑደት 20 ናሙና የሚወስድ ሪሌይ በሰከንድ 1,000 ናሙና ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ 19ኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም የ50 ሄርዝ 19 እጥፍ የሆነው 950 ሄርዙ፣ ልክ 50 ሄርዝ መስሎ ስለሚታይ ማንም ፕሮግራም ሊለየው አይችልም።

ሁለት የግቤት ካርዶች ካሉ ሁለቱም ናሙና የሚወስዱበትን ምት ከአንድ ሰዓት መቀበል አለባቸው። የ1 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት በ50 ሄርዝ የ18 ዲግሪ ስህተት ነው፤ በዚህ ላይ የተመሠረተ የዲፈረንሻል መከላከያ (የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት የሚያነጻጽር) ጤነኛውን ትራንስፎርመር ከመስመር ያወጣል። የመለወጫው የቢት ብዛትም እንዲሁ ይዘነጋል። ከ5 አምፔር እስከ 20 እጥፉ ለመለካት የ100 አምፔሩ ሞገድ ጫፍ 141 አምፔር ይደርሳል፤ ባለ 12 ቢት መለወጫ ከአሉታዊው እስከ አዎንታዊው ጫፍ ያለውን በ4,096 ሲከፋፍል አንዱ እርከን 0.07 አምፔር ገደማ ስለሚሆን ጥቃቅኑ የምድር ጥፋት ከአንድና ከሁለት እርከን አያልፍም። 16 ቢት ይሻላል።

የዲጂታል ግቤት ካርዱን (የበራ ወይም የጠፋ ምልክት የሚቀበለውን) ተማሪዎች ቀላል አድርገው ይገምቱታል፤ እኔም በመጀመሪያው ንድፌ እንዲሁ አስቤ ኦፕቶካፕለሩን (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግረውን ክፍል) በ24 ቮልት እንዲነቃ አድርጌ 110 ቮልት ባትሪ ላይ ሰክቼው ነበር። የጣቢያ ባትሪ ሁለቱም ጫፎቹ ከምድር ተለይተው ስለሚቀመጡ አንዱ ጫፍ ምድር ቢነካ ምንም የሚቋረጥ የለም፤ ይሁንና ከባሕር ዳር በጎንደር በኩል ወደ ሱዳን በሚሻገረው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ እንዳሉት ባሉ ጣቢያዎች ከግቢው እስከ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚዘረጋው ረጅም ገመድ ራሱ እንደ ካፓሲተር ቻርጅ ስለሚይዝ፣ በዚያች ቅጽበት የባትሪው ግማሽ ያህል ቮልቴጅ በግቤቱ ላይ ይወርዳል። በ24 ቮልት የሚነቃ ግቤት ይህን እንደ እውነተኛ ትእዛዝ ይቀበለዋል። ግቤቱ ከባትሪው ግማሽ በላይ ካልሆነ መንቃት የለበትም፤ ጥቂት ሚሊ ሰከንድም መጠበቅ ይኖርበታል።

በትሪፕ ውጤት ካርዱ (ብሬከሩ እንዲከፈት ትእዛዝ በሚሰጠው) ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሲዘጋ ብዙ አምፔር የሚችል ኮንታክት ዲሲ ሲከፍት አቅሙ እጅግ ያነሰ ስለሆነ የትሪፕ ኮይሉን (ብሬከሩን የሚያስከፍተውን ጥቅል ሽቦ) ከረንት የሚያቋርጠው የብሬከሩ ረዳት ኮንታክት እንዲሆን ካርዱ ትሪፑን ለተወሰነ ጊዜ አጥብቆ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ኮንታክቱ ይቃጠላል።

በመጨረሻም ከፍታው አለ። የመከላከያ ሪሌዮች ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይኢሲ 60255-1 እንደ መደበኛ ሁኔታ የሚወስደው እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው፤ የጎንደር ከተማ መሀል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታን የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ በቦርዱ ላይ በሁለት ተርሚናሎች መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት በ3,000 ሜትር በ1.14 ይባዛል፤ 8 ሚሊ ሜትር የነበረው 9.1 ገደማ ይሆናል። ከሌላ አገር ንድፍ የተቀዳ ቦርድ ላይ ይህን ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቦርዱ ታትሞ ከወጣ በኋላ ደግሞ ክፍተቱን ማስፋት አይቻልም።