የናሳን የፎቶ ማህደር በነፃ እንዴት እንጠቀም

ሰላም ጓዶች፣ እዚህ ባህር ዳር ለተማሪዎች ፖስተር ስሰራ ሁሌ ምጠየቀው ነገር የህዋ ፎቶ ከየት ነው ምታመጣው ነው። ከናሳ ነው፣ ኢሜጅስ ዶት ናሳ ዶት ጎቭ ግቡ፣ አካውንት ምናምን አይጠይቅም።

ፍለጋው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃል ምረጡ፣ ዝም ብላችሁ ሮኬት ካላችሁ ጎርፍ ነው ሚመጣው። እኔ በጣም ምወደው መሬት ላይ ያለውን ስራ ነው፣ ሰው ሮኬቱ ሲተኮስ ብቻ ነው ሚያየው እንጂ ከዛ በፊት ያለው ልፋት ይገርማል። "ክሮውለር ትራንስፖርተር" ብላችሁ ሞክሩ፣ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ውስጥ ሮኬቱን 160 ሜትር ከሚረዝመው መገጣጠሚያ ህንፃ ወደ ማስወንጨፊያው ተሸክሞ ሚሄደው ባለ ሰንሰለት ማሽን ነው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የተሰራ ሆኖ ዛሬም ይሰራል፣ ጭነት ይዞ በሰዓት 1.6 ኪሎሜትር ገደማ ነው ሚጓዘው፣ እኛ በእግራችን እንቀድመዋለን!

ፎቶውን ስትከፍቱ ከስሩ ያለውን ፅሁፍ አንብቡ፣ መለያ ቁጥሩንም ኖት ላይ ያዙ፣ በኋላ መልሳችሁ ስትፈልጉ እሱ ነው ሚያገኝላችሁ። ለስልክ መካከለኛው ሳይዝ ይበቃል፣ ለህትመት ግን ኦሪጅናሉን አውርዱ፣ ከባድ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ጠብቁ።

አብዛኛው ኮፒራይት የለውም፣ ግን ምንጩን ናሳ ብላችሁ ፃፉ፣ አርማውን ለማስታወቂያችሁ አትጠቀሙ። አልፎ አልፎ የሌላ ሰው ፎቶ ስለሚገባ ክሬዲቱን እዩ።

ጣናን ከላይ ማየት ለምትፈልጉ ደግሞ ጠፈርተኞች ያነሷቸው የምድር ፎቶዎች ለብቻቸው ማህደር አላቸው፣ "ጌትዌይ ቱ አስትሮናት ፎቶግራፊ ኦፍ ኧርዝ" ይባላል። እዛ ጣናን ፈልጉ፣ በደቡብ በኩል አባይ ከሀይቁ ሚወጣበትን ካገኛችሁ ከተማችን እዛው ናት።