በማዘዣ ተጀምሮ ማቆሚያ የሚያጣው የቴስቶስትሮን መርፌ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉት ጂሞች ስለ «መርፌው»፣ ማለትም ስለ ወንዴ ሆርሞኑ ቴስቶስትሮን፣ ሲወራ ጣት የሚቀሰረው አሠልጣኙ ላይ ነው። የሐኪሙን ማዘዣ የሚጠይቅ የለም። አንዳንዱ ግን የጀመረው ከዚያው ነው።

ድካምን ብቻ ሰምቶ ማዘዝ። ቴስቶስትሮን ከፍ የሚለው ጠዋት ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይደረጋል። ከምሳ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በተቀዳ ደም መርፌ መጀመር ስህተት ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ውፍረትና ጭንቀትም ያደክማሉ።

ልጅ ይፈልግ እንደሆነ አለመጠየቅ። ይህ ያናድደኛል። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ የዘር ፍሬው ይሟሽሻል፣ የወንድ ዘርም እስከ ጭራሹ ሊጠፋ ይችላል። ልጅ እንቢ ላለው ሙሽራ ይህን መርፌ ማዘዝ ምን ይባላል?

ሲቆም የሚመጣውን መዝለፍለፍ «የድሮው በሽታ» ማለት። ዋናው ወጥመድ እዚህ ነው። መርፌው ሲቋረጥ የሰውየው የራሱ ሆርሞን ወዲያው አይመለስም፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ድካሙ፣ ድብርቱ፣ የወሲብ ስሜት ማጣቱ ከበፊቱ ይብሳል። «ዶክተር፣ ያቺን መርፌ ይድገሙልኝ፤ ያለሷ ሰው አይደለሁም» ይላል። ሐኪሙም ይደግማል። ጥገኝነቱ የሚሰፋው በዚህ ድግምግሞሽ ነው። (የዘር ፍሬው በሕመም የወጣለት ወይም አንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢው የተጎዳ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢወስድ ግን ሕክምና ነው፤ ሱሰኛ አትበሉት።)

ያለ ክትትል ማደስ። ማዘዣው በስልክ ፎቶ ተነስቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል፤ መጠኑም በጂም ጓደኛ ምክር ይጨመራል። መርፌው ደም ያወፍራል፤ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ የቀይ የደም ሴሎች ድርሻ) ከ54 በመቶ ካለፈ መቆም አለበት። ያለ ደም ምርመራ ይህን የሚያውቅ የለም።

ከዴክሳሜታዞን (እብጠትና አለርጂ ማስታገሻ መድኃኒት) ጋር ማምታታት። ሁለቱም «ስቴሮይድ» ይባላሉ እንጂ ዴክሳው ጡንቻ አይሠራም፤ እንዲያውም ያሟሟል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ ያሰጋዋል።

አሁን መርፌው ላይ ያላችሁ፣ በራሳችሁ አትቁረጡት። ብልቃጡን ይዛችሁ፣ መጠኑንና የመጨረሻ የተወጋችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ሂዱ። ካቆማችሁ በኋላ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቡ።