የዱኦሊንጎ እንግሊዝኛ ፈተናን ቤቱ ሆኖ የሚፈተን ተማሪን እንዴት እናዘጋጅ?

ይህ የእንግሊዝኛ ችሎታን የሚለካ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ፈተና 1 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ እረፍት የለውም። ውጤቱ ከ160 የሚታሰብ ሲሆን በ2 ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ ለ2 ዓመትም ያገለግላል። ፈታኝ መምህር በክፍሉ ባይኖርም ካሜራና ማይክሮፎን ሁሉንም ይቀርጻሉ። ስለዚህ እንግሊዝኛው የበረታ ተማሪም ቢሆን በመብራት፣ በኔትወርክ ወይም በዓይኑ እንቅስቃሴ ምክንያት ውጤቱ ሊያዝበት ይችላል።

ገና ሲመዘገብ ስሙን ከትምህርት ማስረጃው ሳይሆን ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጥ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከሰነድ ሰነድ ይለያያል፤ «ጸጋዬ» ብቻውን ስንት ዓይነት አጻጻፍ አለው! የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተልም እንደ ፓስፖርቱ ይሁን። የልደት ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሞላል። በፈተናው ዕለት ዋናው ፓስፖርት በእጁ መኖር አለበት፤ ፎቶ ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ምስል አያገለግልም።

የመብራትና የኔትወርክ ጉዳይ አብሮ ይታያል። ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተር አብሮ ይጠፋል፤ ፈተናውም መሃል ላይ ይቋረጣል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ ከመጀመሪያው በሞባይል ዳታ መጀመር ይሻላል። ዳታ የሚያጋራው ስልክ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ፣ ማንም የማይደውልበት ሲም ይግባበት፤ ጥሪ ሲገባ ዳታው ሊቋረጥ ይችላልና። ፈተናው ስልክን እንደ ሁለተኛ ካሜራ ስለሚጠቀም፣ ለኢንተርኔቱ ሌላ ስልክ ያስፈልጋል። ጥቅሉ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ይኑረው፤ የዊንዶውስ ማሻሻያ በስውር እንዳይበላው አስቀድሞ ይዘጋ። ባትሪውን ለመፈተን ቻርጀሩን ነቅሎ 2 ሰዓት ቪዲዮ ማጫወት ነው። ካልቻለ ላፕቶፕ ከሰው መዋስ ይሻላል።

ሰዓቱን ተማሪው ስለሚመርጥ ይህን ዕድል በደንብ ይጠቀምበት። ክረምት ከሆነ ከሰዓት በኋላ አይሞክር፤ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ማይክሮፎኑ የተማሪውን ድምፅ አይለይም። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብዙ ሰፈር ጸጥ ይላል። ቤተሰብ በሩን እንዳይከፍት ቀድሞ ይነገረው፤ ታናሽ ወንድም ገብቶ ወዲያው ቢወጣ እንኳ ደንብ መጣስ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። መስኮቱ ከጀርባ ሳይሆን ከፊት ይሁን፤ ከጀርባ ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል። ጆሮዎቹ ይታዩ፣ ማዳመጫ አይደረግም፤ ድምፁ ከላፕቶፑ ስፒከር ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አይኑር።

ከሁሉ በላይ ልምምድ የሚጠይቀው ዓይን ነው። ብዙ ተማሪ ሲያስብ ጣሪያ ያያል ወይም ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያነባል። ካሜራው ግን ይህን መልስ ከሌላ ቦታ እንደማየት፣ ወይም ከሰው ጋር እንደመነጋገር ሊወስደው ይችላል። ልማዱ በአንድ ቀን አይለቅም። ከፈተናው 2 ሳምንት በፊት ጀምሮ በየቀኑ 20 ደቂቃ በራሱ ካሜራ እየተቀረጸ ይለማመድ፤ ከዚያ ቪዲዮውን አብራችሁ እዩና ዓይኑ ከስክሪኑ ስንት ጊዜ እንደወጣ ቁጠሩ። ቁጥሩን ሲያይ ራሱ ማረም ይጀምራል። የትየባ ፍጥነትም በዚሁ ይታይ፤ ቁልፎቹን ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ተማሪ ጊዜም ያጠፋል፣ ዓይኑም ይሸሻል። በዱኦሊንጎ ድረ ገጽ ያለውን ነፃ የሙከራ ፈተና በዚያው ክፍል፣ በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ሰዓት ይሥራው።

በዕለቱ ከመጀመሩ በፊት ውሃ ይጠጣ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ይምጣ፤ መሃል ላይ መነሳት አይቻልምና። ሌሎች ፕሮግራሞችን፣ ቴሌግራምንም ጭምር፣ ይዝጋ። የመጨረሻውን ጥያቄ እንደመለሰ ላፕቶፑን እንዳይከድነው ንገሩት፤ የተቀረጸው ቪዲዮ ተልኮ እስኪያልቅ ኔትወርኩ እንደተከፈተ ይቆይ።