ለጥቅምት ብርድ ደማቅ ካልሲ

የጥቅምት ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ እግር ይቀዘቅዛል። ካልሲ ማድረጋችሁ ካልቀረ፣ የለመዳችሁትን ጥቁር ትታችሁ ደመቅ ያለውን ሞክሩ።

ቀለሙን ለመምረጥ ቀላሉ መንገድ ከሸሚዛችሁ ወይም ከሻርፓችሁ ላይ አንዱን ቀለም መውሰድ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ከሰናፍጭ ቢጫ ካልሲ ጋር በጣም ያምራል፤ ግራጫ ደግሞ ከወይን ጠጅ ጋር። ሱሪው ባለመስመር ከሆነ ግን ካልሲው አንድ ወጥ ቀለም ይሁን፣ አለዚያ ዓይን ያደክማል። ርዝመቱም ከቁርጭምጭሚት አልፎ ወደ ባት የሚወጣ ይሁን፤ ስትቀመጡ በሱሪውና በካልሲው መካከል ባዶ እግር ከታየ ውበቱ ይጠፋል።

ስትገዙ ጥጥ የሚበዛበትን ምረጡ፣ እኩለ ቀን ላይ ሲሞቅ ላብ ይመጥጣል። ቀዩና ሐምራዊው መጀመሪያ ሲታጠብ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ከነጭ ልብስ ለይታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ጫማ መውለቁ አይቀርምና ተረከዙ ሳስቶ እንዳልተቀደደ ከቤት ሳትወጡ እዩ።