እናቱን ላልጠባ ግልገል እንገር እንዴት ይሰጣል?

የበግ ግልገል ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልለት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የእናቱ ፀረ እንግዳ አካላት የእንግዴ ልጁን አልፈው አይደርሱትም፤ የሚያገኛቸው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ እነዚህን ትልልቅ ፕሮቲኖች ሳይፈጩ ወደ ደም የሚያሳልፈው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት በደንብ፣ ከዚያ እየቀነሰ፣ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ዘግይቶ የተሰጠ እንገር ምግብ ይሆናል እንጂ ወደ ደም አይገባም። በዚህ ሰዓት አንጀቱ ጀርምንም በቀላሉ ስለሚያስገባ፣ ከእንገሩ በፊት ግልገሉ አፍ የሚደርስ ቆሻሻ ጉዝጓዝ ወይም በጭቃ የተለወሰ ግት አደገኛ ነው።

ግቱን ያጽዱና ከሁለቱም ጡቶች ሁለት ሦስት ጊዜ አልበው ጫፉን የደፈነውን ሰም መሰል ነገር ያስወጡ። ግቱ የጠጠረ፣ የሚያቃጥል ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ እንገሩን ከሌላ በግ ይፈልጉ። እትብቱን አዮዲን ውስጥ ይንከሩ።

ጭራውን እያወዛወዘ ከግቱ ስር መቆሙ ለመጥባቱ ማስረጃ አይሆንም። ሆዱን ከጎድኑ በታች ይዳብሱ፤ ባዶ ከሆነ ይታወቃል። ጣትዎን አፉ ውስጥ ሲያስገቡ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱን በፊንጢጣ ይለኩ። ጤነኛው 39 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ37 በታች የወረደና ራሱን ቀና ማድረግ የተሳነው ግልገል በቱቦ አይመገብም። ከተወለደ 5 ሰዓት ካልሞላው አድርቀው ያሙቁትና ከዚያ ይመግቡት። 5 ሰዓት ካለፈው ግን የሰውነቱ ስንቅ አልቋል፤ ግሉኮስ ሳይወጋ ቢሞቅ ሊንዘፈዘፍና ሊሞት ይችላል። መርፌው የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

መጠኑ ለአንድ ጊዜ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በኪሎ 200 ሚሊ ሊትር ነው። 4 ኪሎ የሚመዝን ግልገል በአንዴ 200፣ በቀኑ 800 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። የመጀመሪያው በ2 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ። በግምት መስጠት ብዙ ጊዜ ማሳነስ ነው፤ ሚዛን ይጠቀሙ።

የሚጠባ ከሆነ ጡጦ ይሻላል፤ መጥባቱ ራሱ ወተቱ በቀጥታ ወደ አራተኛው የጨጓራ ክፍል እንዲወርድ መንገዱን ይከፍታል። መጥባት ካቃተው ቱቦ ነው። በሲሪንጅ አፉ ውስጥ መርጨት ግን ከሁሉም የከፋ አቋራጭ ነው፤ ደካማ ግልገል መዋጥ ስለማይችል እንገሩ ሳንባው ይገባል።

ለቱቦው ጫፉ የተድበለበለ ለስላሳ ቱቦና 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። ቱቦውን ከግልገሉ አፍንጫ ጫፍ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንት ለክተው በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት። ግልገሉን ጭንዎ ላይ ያስቀምጡ፤ አንገቱን በኃይል አያንጋጡት። የቱቦውን ጫፍ በሞቀ ውሃ አርሰው ከአፉ በግራ ጠርዝ በኩል በምላሱ ላይ ቀስ እያደረጉ ያስገቡ፤ አይግፉት፣ እሱ ይዋጠው። አብዛኛው ግልገል ቱቦውን እያኘከ ይውጠዋል።

ምልክቱ ጋ ሳይደርስ እምቢ ካለ፣ ግልገሉ ካሳለ ወይም በቱቦው ጫፍ ትንፋሽ በምት የሚወጣ ከሆነ የገባው አየር ቧንቧው ውስጥ ነውና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። በትክክል ከገባ አንገቱን ሲዳብሱ ቱቦው ከአየር ቧንቧው ጎን ለብቻው ይታወቃል። እርግጠኛ ሳይሆኑ ጠብታ አያፍስሱ።

የሲሪንጁን መግፊያ አውጥተው 39 ዲግሪ የሞቀውን እንገር ያፍስሱና በራሱ ክብደት ይውረድ። መግፊያውን ተጭኖ ማቻኮል ወደ ላይ ያስመልሰዋል። ሲያልቅ ቱቦውን ቆንጥጠው በአንዴ ይሳቡት፤ ሳይቆነጥጡ ቢያወጡት የቀረው ጠብታ ጉሮሮው ላይ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ግልገል ቱቦውን ይጠቡና ያጽዱ።

የሌላ በግ እንገር ከሌለ የፍየል ወይም የላም ይሆናል። የላሙ ቀጠን ስለሚል በሲሶ ያህል ይጨምሩ፤ የአንዳንድ ላም እንገር በግልገል ላይ የደም ማነስ ስለሚያመጣም የብዙ ላሞችን ቀላቅሎ መስጠት ይመረጣል። በረዶ የሆነውን ከ50 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃ ውስጥ ያቅልጡ። ማይክሮዌቭ ፀረ እንግዳ አካላቱን ያበላሻል።

እንገር ሆድንም ያላላል፤ ጥቁሩና የሚያጣብቀው የመጀመሪያው ኩስ ወጥቶ ቢጫ ይሆናል። ሣር የሚፈጨው ትልቁ ጨጓራ ገና ትንሽ ነው፤ የሚያሳድገውም ወተት ሳይሆን እህልና ድርቆሽ ሲብላላ የሚፈጠረው አሲድ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እያቀረቡ ያስለምዱት። ወተት ይህን ጨጓራ አልፎ ስለሚሄድ፣ ወተት ቢጠግብም ንጹህ ውሃ ከአጠገቡ አይጥፋ።