ማርዜን በድሬዳዋ፦ ኖራ በሚጥል ውሃ የጀርመን የበዓል ቢራ አጠማመቅ

ድሬዳዋ ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ገልጦ ያየ ሰው የከተማው ውሃ ምን እንደተሸከመ ያውቃል፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ነው። ይህ ውሃ ፈዛዛ ወርቃማ ቢራ ለሚጠምቅ ጠላት ነው። ቀላ ያለ ማርዜን ለሚጠምቅ ግን ያን ያህል አያስፈራም። የሙኒክ ውሃም ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ ከተማዋ ጥንት በጠቆረ ቢራ የታወቀችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የጠቆረ ብቅል በተፈጥሮው አሲድ ስላለው የውሃውን ኖራ በከፊል ያሸንፈዋል።

የማርዜን ስም ከማርች ወር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1553 በባቫሪያ፣ ሙኒክ ባለችበት የደቡብ ጀርመን ግዛት፣ የወጣ ደንብ ቢራ ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኤፕሪል 23 ባለው ጊዜ ብቻ እንዲጠመቅ ያዝዝ ነበር፤ በበጋው ሙቀት የተጠመቀው ይበላሽ ነበርና። ስለዚህ በማርች ጠንከር ያለው ተጠምቆ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ይከርም ነበር። ዛሬ የሙኒክ የቢራ በዓል በሆነው በኦክቶበርፌስት ድንኳኖች ስድስቱ የሙኒክ ፋብሪካዎች የሚቀዱት ወርቃማውን ፌስትቢር ነው። ቀላውን ማርዜን እንደ አዪንገር ያሉ የባቫሪያ ጠማቂዎችና በየመኸሩ የሚያወጡት የአሜሪካ ትናንሽ ቢራ ቤቶች ይዘውታል።

ኦክቶበርፌስት ከመስቀል ጋር ይገጥማል። ለመስከረም 17 እንዲደርስ ከተፈለገ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ መጀመር አይበጅም፤ ሰኔ ደግሞ ድሬ የምትነድበት ወር ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ሳይኖር መጀመር ብቅል ማባከን ነው። አንድ ማብላያ ባልዲ የሚይዝ አሮጌ ፍሪጅና ከውጭ የሚገጠም የሙቀት መቆጣጠሪያ ይበቃል።

ለ20 ሊትር ቢራ 3 ኪሎ የሙኒክ ብቅልና 2.2 ኪሎ የፒልስነር ብቅል፣ አልፋ አሲዱ (ምሬት ሰጪው ነገር) 4 በመቶ የሆነ 65 ግራም የሃለርታው ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ)፣ እያንዳንዱ 11.5 ግራም የሚመዝን ሁለት ፓኬት የደብልዩ-34/70 ደረቅ እርሾ ያስፈልጋል። አንድ ፓኬት ለዚህ ቢራ አይበቃም፤ በቅዝቃዜ የሚሠራ እርሾ ቁጥሩ ካነሰ ይለግማል። የአገር ውስጥ የቢራ ብቅል ለፒልስነሩ ይሆናል። የሙኒክ ብቅል ከታጣ ሙሉውን 5.2 ኪሎ በፒልስነር አድርጉና ከሱ 1 ኪሎውን ብቻ በትሪ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አስጥታችሁ በ175 ዲግሪ ምድጃ 15 ደቂቃ ቁሉት፤ በየ5 ደቂቃው አማስሉት። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ለሁለት ሳምንት ይረፍ፤ ያኔ የጭሱ ሻካራነት ይወጣለታል። ከ1 ኪሎ በላይ አትቁሉ፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም በእሳት ይሞታል። ጌሾ በሆፕስ ምትክ ይገባል ወይ ለሚል፦ ይመራል፣ ግን የሚወጣው ሌላ መጠጥ ነው፤ ጌሾውን ለጠላው ተዉለት።

ብቅልን ነቀዝ፣ ሆፕስን ሙቀት ያበላሸዋል። የዓይብ ሽታ ያመጣ ሆፕስ አርጅቷል፤ ድስት ውስጥ አይግባ። ሆፕስ በፍሪዘር፣ እርሾ በፍሪጅ ይቀመጥ።

ውሃው ከዋዜማው ይሰናዳ። 36 ሊትር 15 ደቂቃ አፍሉና ከድኑት። ሲያድር ኖራው ታች ይዘቅጣል፤ ክሎሪኑም ይተናል። ጠዋት ከላይ ያለውን 32 ሊትር ሳታናውጡ ቅዱ፣ የታችኛውን ድፉት። ይህን መዝለል የሚፈልግ ግማሹን በታሸገ ውሃ ይተካ። ካልታከመ ግን የብቅሉ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲዱ አነሰ ማለት ነው) ከፍ ይልና ከገለባው የሚያጎመዝዝ ነገር ይወጣል፤ ቢራው ምላስ ላይ እንደቆየ ሻይ ይሻክራል።

ከተቀዳው ውሃ 16 ሊትሩን 72 ዲግሪ አድርሳችሁ የተፈጨውን ብቅል እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ 66 ገደማ ላይ ይረጋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ፒኤቹን ለኩ። 5.3 ወይም 5.4 መሆን አለበት፤ ከበለጠ የምግብ ላክቲክ አሲድ በ1 ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ ደጋግማችሁ ለኩ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ከፈሳሹ አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ አድርጉና ከፋርማሲ የሚገኘውን የአዮዲን ቲንክቸር አንጠባጥቡበት። ቡናማ ቀለሙን ካልለቀቀ ስታርቹ አልቋል። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከዞረ ሌላ 15 ደቂቃ ጠብቁ።

ማርዜንን ማርዜን የሚያደርገው ቀጣዩ ሥራ ነው፤ ጊዜ ባይኖርም ባይዘለል እንመክራለን። ከወፍራሙ 6.5 ሊትር ያህል ወደ ሌላ ድስት ቅዱ፣ ታቹ እንዳያር እያማሰላችሁ 15 ደቂቃ አንተክትኩት፣ ከዚያ ወደነበረበት መልሱት። ሙሉው ወደ 76 ዲግሪ ይወጣል። መዓዛው ከመጋገሪያ የወጣ ዳቦ ቅርፊት ይመስላል፤ ከከረጢት በተገዛ ብቅል ብቻ ያን ያህል አይገኝም። አጥልሉትና ቀሪውን 16 ሊትር ውሃ በ75 ዲግሪ አድርጋችሁ ብቅሉን በዝግታ እጠቡበት። ድስቱ ላይ 27 ሊትር ይሰበሰባል።

ድሬ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ በ96 ዲግሪ ይፈላል፤ ሐረር ላይ ደግሞ ወደ 94 ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ሆፕሱ ምሬቱን በደንብ አይለቅም፤ ከላይ ያለው መጠን ይህን ያገናዘበ ነው። ሳትከድኑ 90 ደቂቃ አንተክትኩት። መክደን የተቀቀለ በቆሎ ሽታ ያስቀራል። 45 ግራሙን ሆፕስ 60 ደቂቃ ሲቀር፣ 20 ግራሙን 20 ደቂቃ ሲቀር ጨምሩ። መጨረሻ ላይ 21 ሊትር ያህል ይቀራል፤ የፈሳሹን ስኳር የሚለካው ሃይድሮሜትር 1.056 ያሳይ። መሣሪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው፤ በ30 ዲግሪ ከለካችሁ ሁለት ሦስት ነጥብ (0.002 ወይም 0.003) ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ስለዚህ ናሙናውን አስቀድማችሁ አቀዝቅዙ።

ድሬ ላይ ብዙ ቢራ የሚበላሸው እዚህ ነው። የቧንቧው ውሃ ራሱ ለብ ያለ ስለሆነ ውሃ በሚያልፍበት የመዳብ ማቀዝቀዣ መጠምጠሚያ ከ35 ዲግሪ በታች ማውረድ ያስቸግራል፤ ትዕግሥት ያጣ እርሾውን በዚያው ይነሰንሳል። አታድርጉት፤ የፍራፍሬና የአልኮል ሽታ ይዞ ይቀራል። የነጻ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ፣ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ 10 ዲግሪ ሲሆን አናውጣችሁ አየር አስገቡና እርሾውን ጨምሩ። ባልዲውን በበረኪና ካጸዳችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ የቀረች ጠብታ የመድኃኒት ጣዕም ታመጣለች። የመቆጣጠሪያው መለኪያ በባልዲው ጎን ላይ በስፖንጅ ተሸፍኖ ይለጠፍ፤ አየሩን ከለካ ይሳሳታል።

ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይቆይ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። ከሦስት ሰዓት ካለፈ በረዶ የሆኑ ሁለት የሀይላንድ ጠርሙሶች አስገቡና ወዲያው ዝጉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከሁሉም በላይ ሊጠበቁ ይገባል። ሃይድሮሜትሩ 1.020 ሲደርስ ሙቀቱን ለሦስት ቀን ወደ 16 አውጡት፤ እርሾው የፈጠረውን የቅቤ ሽታ መልሶ ይበላዋል። ማለቁን ለማወቅ ሁለት ብርጭቆ ቅዱ፣ አንዱን ከድናችሁ 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡ፣ ከዚያ አቀዝቅዛችሁ ሁለቱንም አሽቱ። የሞቀው ቅቤ ቅቤ ካለ ገና ነው።

1.012 ላይ ሲቆም በቀን 2 ዲግሪ እየቀነሳችሁ እስከ 2 አውርዱትና ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ይክረም። አልኮሉ 5.8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስታሽጉ ለ20 ሊትር 115 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልታችሁ ጨምሩ፤ እርሾው በብርድ ስለደከመ 2 ግራም አዲስ ደረቅ እርሾ አክሉ። 1.012 ላይ ሳይረጋ አሽጎ መቀመጥ ጠርሙስ ያፈነዳል። ቡናማ ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሙ፤ የድሬ ፀሐይ በአረንጓዴውና በነጩ አልፎ የሆፕሱን ሽታ ያበላሸዋል። ለሁለት ሳምንት በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ይቁም፤ ሐረር ዘመድ ያለው እዚያ ቢያስቀምጠው ይሻላል። ከዚያ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ሲቀዳ 8 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ከበረዶ የወጣ ብርጭቆ የዳቦውን መዓዛ ይደብቀዋል።